የንጉሥ አዳራሽ ሥዕል ልትገዙ ላሰባችሁ ልጆቼ

በወርቅ ያጌጠ ጣሪያ፣ ቀይ የሐር መጋረጃና የክሪስታል መብራት የሚታይበት አሮጌ የውሃ ቀለም ሥዕል ለሽያጭ ቀርቦ ስታዩ እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ አይቸኩል። ሻጩ «የንጉሥ አዳራሽ ነው» ይላችኋል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን የሣለው ግን ንጉሡ አይደለም። ስለዚህ የባለቤቱን ክብር ለጊዜው ተዉትና የሠዓሊውን እጅ ፈልጉ።

የለንደኑን ካርልተን ሃውስ ውሰዱ። ኋላ ጆርጅ አራተኛ ተብሎ የነገሠው ልዑል ለዓመታት ያስጌጠው መኖሪያ ነበር፤ በ1820ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት ቻርልስ ዋይልድና ሌሎች ሠዓሊዎች ክፍሎቹን በውሃ ቀለም ሥለዋል። ዊልያም ፓይን የተባለ ሰውም የዚህንና የሌሎች ቤተ መንግሥቶችን ሥዕሎች በ100 ኅትመቶች አስቀርጾ ከ1816 እስከ 1819 በ3 ቅጽ አወጣ። የኅትመቱ ዘዴ አኳቲንት ይባላል፤ መዳብ ላይ በአሲድ ተቀርጾ ወረቀት ላይ ይታተምና ቀቢዎች እያንዳንዱን ቅጠል በእጃቸው በውሃ ቀለም ይቀቡታል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ተገንጥሎ ቅጠሉ ፍሬም ሲገባለት «በእጅ የተቀባ የውሃ ቀለም ነው» የሚል ሻጭ ዋሸ አይባልም። እኔ ደግሞ ከጥርት ያለ ውሸት ይልቅ እንዲህ ያለውን ግማሽ እውነት እፈራለሁ።

አጉሊ መነጽር ያዙ። የአኳቲንት ጥላ ሲጎላ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። በብሩሽ የተቀባ ጥላ ግን ይፈሳል፣ ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል፤ ከሥሩም ብዙ ጊዜ ሠዓሊው የክፍሉን ጥልቀት ለማስተካከል በእርሳስ ያሰመረው መስመር ይታያል። በወረቀቱ ዳር የመዳቡ ጠርዝ ተጭኖ የተወው ስርጉድ መስመር ካለ ኅትመት ነው። አለመኖሩ ግን ነጻ አያወጣውም፤ መቀስ አለና። ከፍሬሙ ይውጣልኝ በሉ፤ ሻጩ እምቢ ካለ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት የፋብሪካው ስም፣ አንዳንዴም ዓመቱ ይነበባል፤ የእንግሊዙ ዋትማን ወረቀት በዚህ ይታወቃል። 1825 የሚል ወረቀት ላይ በ1810 የተሣለ ሥዕል የለም።

ፍሬሙ በተከፈተበት አፍታ ዳሩንም እዩ። የውሃ ቀለምን (የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው፤ የቆላ ልጆች ታውቁታላችሁ) ብርሃን ይበላዋል። በካርቶኑ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ጠርዝ ከመሐሉ ይልቅ ደማቅ ከሆነ ሥዕሉ ስንት ዘመን መስኮት ፊት እንደተሰቀለ ተረዱ፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ አውርዱ። እናንተም ገዝታችሁ ሳሎን ውስጥ ፀሐይ ፊት አትስቀሉት።

ከዙፋን አዳራሽ ይልቅ የጽሕፈት ክፍል ወይም የመተላለፊያ ሥዕል ብትመርጡ ደስ ይለኛል። የክፍል ሥዕል ትልቁ ጥቅሙ ምስክርነቱ ነው። በሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ያለው የጋትቺና ቤተ መንግሥት በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ተቃጠለ፤ አዳሾቹ የየክፍሉን መልክ ካገኙባቸው ምንጮች አንዱ ኤድዋርድ ሃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸው የውሃ ቀለም ሥዕሎች ናቸው። ወንበሩ የት እንደቆመ፣ የግድግዳው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደነበር በትዕግሥት የመዘገበ እጅ ከነጋሢው ስም ይበልጣል። ነገ በእጥፍ እሸጠዋለሁ ብሎ መግዛት ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከየት ወጣ? ማን ሸጠው? በጦርነትና በአብዮት ከቤተ መንግሥት የተጋዘ ዕቃ ብዙ ነው፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደብንን እስከ ዛሬ እየቆጠርን የሌላውን አገር ዝርፊያ በፍሬም ገዝተን ቤታችን ብንሰቅል ያሳፍራል። የቀድሞ ባለቤቶቹን ዝርዝር ጠይቁ። ደረሰኙም ላይ ኅትመት ይሁን በእጅ የተሣለ፣ ሻጩ በአፉ የነገራችሁን በጽሑፍ ያስፍር፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ገንዘባችሁን እንደሚመልስም ጨምሮ ይፈርም።