«ሶሪ» እና «ይቅርታ»

በአንድ ወቅት ለመጀመሪያ ኑዛዜ የሚዘጋጁ ሕፃናትን ሳስተምር፣ አንዱ ልጅ የጓደኛውን እርሳስ ሰበረበት። ይቅርታ እንዲጠይቅ ባዘዝሁት ጊዜ ፊቱን እንኳ ሳይመልስ «ሶሪ» አለና ወደ ቦታው ሄደ። «እንደሱ ሳይሆን፣ ይቅርታ አድርግልኝ በለው» ብዬ ስመልሰው ግን አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። የሁለቱ ቃላት ትርጉም አንድ ቢሆን ኖሮ፣ አንደኛው እንዲህ ቀልሎት ሁለተኛው እንዲህ ባልከበደው ነበር።

«ሶሪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጥንታዊው የቋንቋው ዘመን ከቁስልና ከሕመም ስም የተገኘ ነው። ኀዘን ማለት ከሆነው «ሶሮው» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ብዙዎች የአንድ ሥር ልጆች ይመስሏቸዋል፤ መነሻቸው ግን የተለያየ ነው። እንግዲህ «ሶሪ» የሚል ሰው በመሠረቱ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ «ውስጤ ታሟል» ማለቱ ነው። በዛሬው አገልግሎቱ ቃሉ እጅግ ሰፍቷል። እንግሊዛውያን በመንገድ ላይ ሰው ሲገፉ ብቻ ሳይሆን ሲገፉም «ሶሪ» ይላሉ፤ ያልሰሙት ነገር እንዲደገምላቸው ሲሹም፣ ለሟች ቤተሰብ ኀዘናቸውን ሲገልጹም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ።

የእኛ «ይቅርታ» ደግሞ «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። «ይቅር በለኝ» የሚል ሰው ስለ ገዛ ስሜቱ አንዳች አልተናገረም። በደሉ እንዲቀርለት፣ ያውም «ይቅር» የምትለዋን ቃል ሌላው ሰው በገዛ አፉ እንዲናገርለት ይለምናል። ውሳኔው በተበዳዩ እጅ ነው። በዳይ በሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የሚቀርብበት የአገራችን ልማድ ይህንኑ በአካል የሚናገር ይመስለኛል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 የሆነውን ያስታውስ። የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ አውሮፕላን በአየር ላይ ተጋጭተው ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ 24ቱ አሜሪካውያንም በቻይና ደሴት ተያዙ። ከ11 ቀን በኋላ ሊለቀቁ የቻሉት አሜሪካ «በጣም ሶሪ» የሚል ደብዳቤ ከጻፈች በኋላ ነው። ቻይና ይቅርታ ተጠየቅሁ አለች፤ አሜሪካም ኀዘኔን ገለጽሁ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅሁም አለች። ቃሉ ለሁለቱም ይበቃ ነበር።

በአውስትራሊያ የሆነው ግን ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። በ20ኛው መቶ ዓመት፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ፣ ከአገሪቱ ነባር ሕዝቦች የተወለዱ ብዙ ሕፃናት በመንግሥት ትእዛዝ ከወላጆቻቸው ተነጥቀው በማሳደጊያዎችና በነጮች ቤት እንዲያድጉ ተደርገዋል። ከማሳደጊያዎቹም አንዳንዶቹ የአብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ የእኛይቱም ቤተ ክርስቲያን ከዚህ አልራቀችም። ጉዳዩን የመረመረው ሪፖርት በ1997 ከወጣ በኋላ፣ የተነጠቁት ከመንግሥት አንዲት ቃል ሲጠብቁ ቆዩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሀዋርድ በ1999 ለምክር ቤቱ ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ጥልቅ ቁጭትን ይገልጽ ነበር፤ «ሶሪ» ግን አልነበረበትም። የዛሬው ትውልድ አባቶቹ በሠሩት ሊጠየቅ አይገባም የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ቃሉን በምክር ቤቱ የተናገሩት ኬቪን ረድ ናቸው፤ ይኸውም በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ነው። ከእኛ ሕፃናት አፍ እንደ ዋዛ የምትወድቀው ቃል በዚያ ዘጠኝ ዓመት ተጨማሪ አስጠበቀች። የረድ መንግሥት ግን የካሳ ፈንድ እንደማያቋቁም በዚያው ሰሞን አስታወቀ። የፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ ያስተዳድራቸው በነበሩት ግዛቶች ለተነጠቁት ካሳ እንደሚከፍል የገለጸው በ2021 ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጉዳዩ እዚህ ላይ ይቀርባል። በ1551 የትሬንቶ ጉባኤ ከተነሳሒው የሚጠበቁትን ሦስት ነገሮች ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሳ ብሎ ደንግጓል። «ሶሪ» ከነዚህ የመጀመሪያውን ብቻ፣ ያውም እውነተኛ ሲሆን፣ ይናገራል። ዘኬዎስን እንመልከት። በሉቃስ ወንጌል ስለ ኀዘኑ አንድ ቃል አልወጣውም፤ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ብቻ ተናገረ።

ሆኖም የባዕዱን ቃል ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። በናይጄሪያና በጋና እንግሊዝኛ፣ መንገደኛ ሲደናቀፍ ያየ ሰው ምንም ሳያጠፋ «ሶሪ» ይለዋል፤ እናቶቻችን «እኔን!» እንደሚሉት መሆኑ ነው። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችም የለቅሶ ሥርዓታቸውን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እንዲህ ሲሆን «ሶሪ» ከሰሚው መልስ አይጠብቅም። የእኛ «ይቅርታ» ግን መልስ ይጠብቃል፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ በተበዳይ ላይ ሸክም ሆኖ ይወድቃል። በባሏ የተደበደበች ሴት ቁስሏ ሳይሽር ሽማግሌ ተልኮባት፣ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በዪ» እየተባለች ስትለመን ስንቶቻችን አይተናል! እምቢ ብትል ጥፋተኛዋ እርሷ ትሆናለች። ይቅርታ የሚለመን ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የሚሰበሰብ ዕዳ ይሆናል። ሰውየው «አጠፋሁ፤ የሚገባኝን ካሳ እከፍላለሁ፤ አንቺን ግን አላስቸግርም» ብሎ ቢሄድ የበለጠ ክርስቲያናዊ አይሆንምን?

ያን ቀን እኔም ልጁን አስጨንቄ ይቅርታ አስባልሁት። ቀጥሎም ወደ እርሳሱ ባለቤት ዞሬ፣ «በል አንተም ይቅር በለው» አልሁት። ልጁ በመገረም ሲመለከተኝ ቆየና፣ «ቅድም እኮ ሶሪ ብሎኛል፣ ጋሼ» አለኝ።