ያለ እሱም ይኖራል

በበዓል ቀን ጠዋት ቤታችን በግ ሲታረድ አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ለሐሞቱ ነበር። ከጉበቱ ሥር የተጣበቀውን አረንጓዴ ከረጢት በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እንዳይፈነዳ ቀስ ብሎ ይለየውና ይጥለዋል። ከፈሰሰ ጉበቱ መራራ ሆኖ ይበላሻል። ስለዚህ በልጅነቴ ሐሞት ማለት የሚጣል ነገር ነበር። ስለ ሰው ስናወራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆራጡን ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ እንላለን፤ ተስፋ የቆረጠም ሰው «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል።

ዘንድሮ የእኔው ሐሞት ወጣ። ለወራት ከእራት በኋላ ከቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር የሚነሣ ሕመም ወደ ጀርባዬ እየዞረ ያጎብጠኝ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን «ጨጓራ ነው» ብዬ የጨጓራ መድኃኒት ስውጥ ከረምኩ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ከረጢቱ ጠጠር ይዟል፤ ግድግዳውም አብጧል። ሐኪሙ «መውጣት አለበት» አለኝና ፊቴን አይቶ ጨመረበት፦ «አትፍሪ፤ ያለ እሱም ይኖራል።»

ይህን አነጋገር ከሌላ ቦታ አውቀዋለሁ። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት፣ በወጣት ኅብረታችን የኮሚቴ ስብሰባ ላይ፣ ከእኔው አፍ ወጥቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አዳራሹን የሚከፍት፣ ወንበር የሚደረድር፣ የድምፅ መሣሪያውን የሚያገናኝ አንድ ወንድም ነበረን። ጠባዩ መራራ ነው፤ ሰው ሲያረፍድ ይቆጣል፣ ገመድ ሲረገጥ ይነጫነጫል። አንድ ቀን ከመዘምራኑ ጋር ተጋጨና ቀረ። «ሄደን እናነጋግረው» የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ የምንነጋገርበት ነገር ብዙ ስለ ነበር፣ «ተዉት፤ ሥራው ያለ እሱም ይሄዳል» አልኩ። እውነትም ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ተከፈተ፤ ዘመርን፤ ጸለይን።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ያለ እሱ መኖር የሚቻል ነገር ሁሉ አላስፈላጊ ነው ማለት ነው? ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ በ12ኛው ምዕራፍ፣ አንዱ ብልት ሌላውን ሊንቀው እንደማይችል ያስተምራል። የእኔ ሐኪም ግን አንዱን ብልት ቆርጦ አውጥቶ «ደኅና ነሽ» ብሎ ሸኘኝ። በአልጋዬ ላይ ሆኜ ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ሞከርኩ።

በመጀመሪያ ከረጢቱ ምን ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ነበረብኝ። ሐሞትን የሚያመነጨው እሱ አይደለም፤ ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር። ከረጢቱ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል። የያዘውንም ውሃውን እየመጠጠ ያወፍረውና ቅባት ያለው ምግብ ወደ አንጀት ሲገባ ተኮማትሮ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ጎተራ እንጂ እርሻ አይደለም። ፈረስና ግመል ከተፈጥሯቸው የላቸውም፤ በሬና በግ አላቸው። ጥንት ሐኪሞች ከረጢቱን ከፍተው ጠጠሩን ብቻ ያወጡ ነበር፤ ጠጠሩም ተመልሶ ይሠራ ነበር። በ1882 በርሊን ውስጥ ካርል ላንገንቡኽ የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ 16 ዓመት ሲሠቃይ ከኖረ የ43 ዓመት ሰው ላይ ከረጢቱን ራሱን አወጣው። ሰውዬው ዳነ። ዘመኑ የአውሮፓውያን ነው፤ እኔ የተሠራሁበት ዘዴ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚደረገው፣ ደግሞ በ1985 ጀርመናዊው ኤሪኽ ሙኸ ጀመረው፤ በጊዜው የሙያ ጓደኞቹ አጣጣሉት እንጂ አላመሰገኑትም።

ስለዚህ የሐኪሙ ቃል ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ እውነት ነው። ይኖራል። ነገር ግን ከረጢቱ ሲወጣ ሥራው አብሮ አልወጣም። አሁን ጉበቴ ቀን ከሌት ሐሞቱን በቀጥታ ወደ አንጀቴ ያንጠባጥባል፤ ምግብ ይኑር አይኑር። አንጀቴ ይህን እስኪለምድ ድረስ ቅባት መቀነስ፣ ጥቂት ጥቂት መብላት ነበረብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ክትፎ ቀምሼ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም። አንዱ በጸጥታ ይሸከመው የነበረውን ሌሎቹ ተካፈሉት፤ «ይኖራል» የሚለው ቃል ያንን አይነግራችሁም።

«የታመመ ብልት መቆረጡ ተገቢ ነው» የሚል ይኖራል። የእኔ መቆረጥ ነበረበት፤ ቢቆይ ሊፈነዳ፣ ደሜን ሊመርዝ ይችል ነበር። ሰው ግን ብልት አይደለም፤ ከአካል ሲለይ የሚሰማው አለ። ደግሞም ቀዶ ሐኪም ከመቁረጡ በፊት ምን ያህል እንደሚመለከት ነግረውኛል። ወደ ከረጢቱ የሚገቡት አንድ ቀጭን ቱቦና አንድ የደም ሥር ብቻ መሆናቸውን ስቡን ገልጦ በዐይኑ ሳያረጋግጥ መቀሱን አያስገባም፤ ተሳስቶ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ቢቆርጥ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላልና። በግልጽ ካልታየው ሆድን በሰፊው መክፈትን ይመርጣል። እኛ በዚያ ስብሰባ ላይ የፈጀብን ሁለት ደቂቃ አይሆንም።

ስለ ማገገሙ ብዙ አልናገርም፤ ያስገረመኝ ትከሻዬ ነው። ሆዴ ተቆርጦ የቀኝ ትከሻዬን አመመኝ። ሆድን ለመንፋት የሚገባው ጋዝ ድያፍራምን ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል አሉኝ። ሲያስለኝ ትራስ ሆዴ ላይ እጫን ነበር። እማዬ ያለ ቅቤ የተሠራ አጥሚት ታመጣልኛለች፤ ሳልጨርስ አትነሣም። ከባድ ነገር እንዳላነሣ ለጥቂት ሳምንታት ተከለከልኩ፤ በመካከሉ እኔ ለወራት ያዘጋጀሁት የወጣቶች ጉባኤ ደረሰ፤ አለፈም። ማታ አንዲት እኅት በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «ጌታ ይመስገን፣ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።» ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ስልኩን ገልብጬ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። ጉባኤው እንዲበላሽ አልተመኘሁም፤ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ «የት ሄደች?» እንዲል ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ለዚያ ወንድም ደወልኩለት። ሰባት ወር ሆኖን ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ቃል ገና ሳልጨርስ ስለ ቁስሌ ጠየቀኝ፤ ታላቅ እኅቱም ይህንኑ ቀዶ ጥገና ተሠርታ ነበርና ብዙ ያውቃል። ከዚያ ዝም ተባባልን።

«አዳራሹን አሁን ማን ነው የሚከፍተው?» አለኝ።

«ሦስት ሰው፤ በየተራ።»

«ሦስት?»

«ድምፁን የሚያየው ደግሞ ሌላ ነው።»

ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ስል ሆዴን አመመኝና ተውኩት። ስለ ቅዳሜ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣውም። ቅቤ መቼ እንደምጀምር ጠየቀኝ፤ እኅቱ ከሁለት ወር በኋላ በትንሹ እንደ ጀመረች ነገረኝ። ሲሻለኝ ቤታቸው እንደምመጣ ነገርኩት። «ነይ፤ እማዬ አልጫ ትሠራልሻለች» አለኝ።