ነብርና ዘንዶ በአንድ ዴስክ

የጫጫ የጠዋት ብርድ አያድርስ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። በግራና ቀኙ ወተት የጫኑ አህዮች፣ ጋቢ የተከናነቡ ገበሬዎችና ደብተር ያቀፉ ተማሪዎች ይተላለፋሉ። ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናትና ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከየቀበሌው የሚገባው የገጠር ልጅ ብዙ ነው። እሑድ ከሰዓት ስንቁን በማዳበሪያ ቋጥሮ ይመጣል፦ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ እናቱ የጋገረችለት የገብስ ቂጣ። ሁለት ሦስት ሆነው በተከራዩአት አንዲት ክፍል ሳምንቱን ይገፉና ዓርብ ባዶውን ማዳበሪያ አጣጥፈው ወደየቤታቸው ያዘግማሉ።

ሰኞ ጠዋት ይህ ልጅ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ አይደለም፤ መምህሩ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ ሲጠብ አራት። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት በሰፊው በተሠራበት «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት ደግሞ ጎበዙ ከደካማው ጋር ሆን ተብሎ ይመደባል። እናም የአስፋልት ዳር ባለሱቅ ልጅ፣ ጥያቄ ሳያልቅ እጇን የምታወጣዋ፣ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ከመጣና ስሙ ሲጠራ አንገቱን ከሚደፋ ልጅ አጠገብ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት መሐላቸው ቦርሳ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወር እስክሪብቶ ያውሳታል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን መምህሩም አያውቀው።

ጃፓኖች ከዚህች አጋጣሚ አንድ ሙሉ የኪነ ጥበብ ዘርፍ አውጥተዋል። የማይገጥሙ ሁለት የክፍል ጓደኞች፣ አንድ የትምህርት ዘመን፣ ሳቅ፣ ኩርፊያ፣ መጨረሻ ላይ ፍቅር። በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ብቅ ሲል የባሕል ሥጋታቸውን የገለጹ ብዙ ነበሩ። ዛሬ አኒሜ የሚባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም ቴሌቪዥን ሳያስፈልገው በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ወጣቱ የሚያየው ነገር ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያነሣ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት አዋቂ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የሃይማኖት አባቶችም ፈላስፎችም የተከራከሩበት ነው። ሰው የሚጣመረው ከሚመስለው ጋር ነው ወይስ ከማይመስለው?

ከዘርፉ ሥራዎች ይህን ጥያቄ እንደ «ቶራዶራ» ከልብ የያዘው ጥቂት ነው። ዩዩኮ ታኬሚያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያሳተመችውን ተከታታይ ልቦለድ ዳይሬክተር ታትሱዩኪ ናጋይ እ.ኤ.አ. በ2008 ባለ 25 ክፍል አኒሜ አድርጎታል። ሪዩጂ ዓይኑ የወንበዴ አባቱን ዓይን ስለሚመስል ተማሪው ሁሉ የሚሸሸው ልጅ ነው። ልቡ ግን ሌላ ነው፤ ወጥ ቤት መወልወልና ምግብ ማብሰል ይወዳል፣ ሻጋታ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ታይጋ ቁመቷ ያጠረ፣ ቁጣዋ ግን ክፍሉን የሚያንቀጠቅጥ ልጅ ናት። ቤተሰቧ በውድ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን አስቀምጧታል፤ ማድ ቤቷ ገምቷል፣ ማቀዝቀዣዋ ባዶ ነው። ለሌላ ልጅ የጻፈችውን የፍቅር ደብዳቤ በስሕተት ሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ትከትና ሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ልታስመልስ ቤቱ ትገባለች። ፖስታው ሲከፈት ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ደብዳቤውን መክተቱን ረስታዋለች። በዚያው መሐል ሆዷ ይጮኻል። ሪዩጂም ሊመታው ለመጣው ሰው ሩዝ ይጠብሳል።

ሁለቱ የሚፋቀሩት ከዚህ ቀጥሎ አይደለም። እሱ የሚወደው የእሷን የቅርብ ጓደኛ ነው፣ እሷም የእሱን። በየልባቸው ያለውን ሰው እንዲያገኙ ሊረዳዱ ይስማማሉ፤ ወራቱ በጠዋት ቁርስና በእራት ያልፋል። ርዕሱ የስማቸው ጨዋታ ነው፦ ቶራ ነብር፣ ዶራ ደግሞ ዘንዶ ከሚባልበት «ዶራጎን» የተቀነጨበ። በሩቅ ምሥራቅ ጥንታዊ አነጋገር ከዘንዶ ጎን እኩል የሚቆም ነብር ብቻ ነው። ነብር ዘንዶን አይመስልም፤ አንዱ በምድር አንዱ በሰማይ ነው። አቻነታቸው ግን አያጠያይቅም።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ብዙ ብሏል፣ ያውም እርስ በርሱ እየተቃረነ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላል፤ ገና ሳይገናኙ አንድ ናቸው እንደማለት። «አቻ ላቻ ጋብቻ» ይላል ሽማግሌው ዘርና ሀብት ሲያመዛዝን። የትዳር ጓደኛውን ያገኘ ሰው «ግራ ጎኑን አገኘ» ይባላል፣ ሔዋን ከአዳም ጎን መገኘቷን አስቦ። ይኸው ኅብረተሰብ ግን ዝምድና ያላቸው ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ደም ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። ካንድ ባሕር እንዲቀዱ የሚፈለጉት ሰዎች ካንድ ምንጭ እንዳይቀዱ ይከለከላሉ ማለት ነው። ተቃርኖ ይመስላል። ግን ባላገሩ ያወቀው ነገር አለ፤ መቀራረብ ደስ ቢልም ከራስ ጋር መጋባት ጋብቻ አይደለም።

ግሪኮችም እዚሁ ላይ ተጨቃጭቀዋል። ፕላቶ በ«ሲምፖዚየም» ውስጥ ለአሪስቶፋነስ የሰጠው ተረት ሰው ድሮ ሁለት ሰው ተጣብቆ የነበረ፣ ኋላ ለሁለት የተሰነጠቀ ፍጡር ነው፣ ፍቅርም የጠፋውን ግማሽ ፍለጋ ነው ይላል፤ ከአማርኛው «ካንድ ባሕር» እምብዛም አይርቅም። አርስቶትል ደግሞ ስለ ወዳጅነት መጻፍ ሲጀምር ተመሳሳይ ከተመሳሳይ ይሳባል የሚሉትንና የደረቀ መሬት ዝናብን እንደሚናፍቅ ተቃራኒ ከተቃራኒ ይሳባል የሚሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እሱ ያዘነበለው በምግባር ወደሚመሳሰሉት ነው። ክርክሩ ግን እሱ ላይ አላበቃም።

ለዚህ ጽሑፍ ሚዛኑን የሚደፋው ከኦሪት የተገኘች አንዲት ቃል ናት። በዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ ለአዳም የሚሰጠው ረዳት በአማርኛው «የሚመች» ተብሏል። በዕብራይስጡ ያለው ግን «ከነግዶ» ነው። «ነግድ» ፊት ለፊት፣ ትይዩ ማለት ነው። ስለዚህ ሐረጉ በጥሬው ፊት ለፊቱ የሚቆም ረዳት የሚል መልእክት አለው። የአይሁድ ሊቃውንት ቃሉ ተቃራኒ የሚል ትርጉምም ስላለው፣ ሰውየው ከተገባው ረዳት ትሆነዋለች፣ ካልተገባው ትቃወመዋለች ብለው ተርጉመውታል። ምቾት ከጎን ነው፤ ትይዩ የቆመ ሰው ግን ዓይን ያያል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም መንገድ ይዘጋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በማይገጥሙ ጥንዶች የተሞላ ነው። ሞዓባዊቷ ሩት የቤተ ልሔሙን ባለጸጋ ቦዔዝን አግብታ የዳዊት ቅድመ አያት ሆናለች። ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ በዘኍልቍ 12 ያለው ነው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ ማርያምና አሮን አጉረመረሙ፤ በለምጽ የተቀጣችውም ማርያም ናት። እህት የወንድሟን ምርጫ «አትመጥነውም» ስትል ምን እንደሚመስል የተጋባ ሁሉ ያውቀዋል።

የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተክሊል ሥርዓትም ልብ ብሎ ላየው ስለዚህ ይናገራል። ዘውድ ለሙሽራው ብቻ ወይም ለሙሽራይቱ ብቻ አይደፋም፤ ለሁለቱም ነው። የገበሬ ልጅና የባለሥልጣን ልጅ፣ ዝምተኛውና ተናጋሪዋ፣ በዚያች ሰዓት ሁለቱም ባለ ዘውድ ናቸው። ካህኑ ትመሳሰላላችሁ ወይ ብሎ አይመረምርም። አቻ አድርጎ ያቆማቸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አለመመሳሰልና አለመተካከል አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለማየት ከጫጫ ሩቅ መሄድ አያሻም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ መቀመጫ ያደረጓት አንጎለላ እዚያው አካባቢ ናት። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በዚያች ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሡ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው በቤተ መንግሥቱ ሲያገለግሉ የነበሩት እጅጋየሁ ናቸው። አቻ ላቻ የሚለው ሕግ ቢጠበቅ ኖሮ ያ ልደት ባልኖረ። ይሁን እንጂ ታሪኩን እንደ ጣፋጭ የፍቅር ተረት ማውራት ለእናቲቱ ፍትሕ መንሳት ነው። የንጉሥ ልጅ ፊት የቆመች አገልጋይ እንቢ ለማለት ምን ያህል አቅም ይኖራታል? ትይዩ ለመቆም መጀመሪያ መቆሚያ መሬት ያስፈልጋል።

ምኒልክ ራሳቸው በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔዓለም ከጣይቱ ብጡል ጋር በቁርባን ሲጋቡ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ምኒልክ የሸዋ፣ ጣይቱ የሰሜን ባላባት ዘር፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር ይዘው የፈቱ። ምኒልክ ከውጭ ሰው ጋር መወዳጀት፣ መኪናና መሣሪያ መመርመር ይወዳሉ። ጣይቱ በገና ደርዳሪ፣ ግዕዝ አዋቂ፣ የውጭ ሰው ቃል ቶሎ የማያምኑ። ምኒልክ በእንጦጦ ብርድ ላይ ሲከትሙ ጣይቱ ከታች ያለውን ፍልውሃ ወደዱ፤ አዲስ አበባ ያሉትም እሳቸው ናቸው። በውጫሌ ውል ክርክር ጊዜ ጣልያንን አምርረው የተቋቋሙት እቴጌይቱ መሆናቸው የታወቀ ነው። «የሚመች» ቢባል ጣይቱ አይመጥኑትም ይሆናል። ፊት ለፊት የሚቆም ቢባል ግን ከእሳቸው የተሻለ ምሳሌ በሸዋ ምድር ማግኘት ይከብዳል።

በአማርኛ ልቦለድ አለመመጣጠን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስለቅስ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የስለት ልጁ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል። ፍቅራቸውም እንደ ሁለት ተማሪዎች ፍቅር በደብተርና በትምህርት መሐል ይበቅላል። የሚገድለው የጠባያቸው ልዩነት አይደለም፤ እንዲያውም ይግባባሉ። የሚገድለው የአጥንት ቆጠራው ነው። በ«ቶራዶራ» ይህ ይገለበጣል፤ አጥንት የሚቆጥር የለም፣ ጠባይ ግን በየቀኑ ይጋጫል። አንዱ ልቅሶ ሌላው ሳቅ የሆነበት ምክንያትም ይህ ነው። የጠባይ ልዩነት በትዕግሥትና በተጠበሰ ሩዝ ይታረቃል፤ ሰው ከሰው በታች ነው የሚል ሕግ ግን በምንም ሩዝ አይታረቅም።

የአኒሜው መጨረሻ ደግሞ የሸዋ ሽማግሌን የሚያስደስት ነው። ሪዩጂና ታይጋ ፍቅራቸውን ከተረዱ በኋላ ሊጠፉ ይነሣሉ። መሐል ላይ ግን ልጁ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ተደብቀው ሳይሆን ተመርቀው መኖር ይሻላል ብሎ እናቱን ከተጣላቻቸው ወላጆቿ ጋር ያስታርቃል። ታይጋም ከሸሸቻት እናቷ ጋር ነገሯን ልታስተካክል ብቻዋን ትሄዳለች፣ የምትመለሰውም በምረቃው ቀን ነው። ወላጅን ታርቆ ምርቃት ይዞ መግባትን የጃፓን ወጣቶች ከሸዋ ገበሬ አልተማሩትም። ሁለቱም ጋ መኖሩ ግን ነገሩ የአንድ አገር ባሕል ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

የጫጫ ወላጅ ልጁ በስልክ የምታየውን ነገር ቢፈራ አይፈረድበትም። ከቤቷ ርቃ በኪራይ ክፍል የምታድር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ የሚያንዣብበው አደጋ የአኒሜ ቀልድ አይደለም። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች እንዳይፈጸም የቤተሰብ ሕጉ የደነገገው ለዚሁ ነው፤ ሕጉን ዘሎ የሚድራት ወላጅም የሚያሰጋት እንደ ውጭው ሰው ነው። ግን ለፍርሃቱ መልሱ ዴስኩን ለወንድና ለሴት መክፈል አይደለም። ሪዩጂና ታይጋ 25 ክፍል ሙሉ አብረው ያደረጉት ነገር ቢቆጠር አብዛኛው መብላት፣ መወልወል፣ ማጥናትና መጣላት ነው። ሌላውን ሰው እንደ ሰው ማወቅ የሚለመደው እንዲህ ነው፤ ይህን በ16 ዓመቱ ያልለመደ በ30 ዓመቱ ሚስቱ ፊት ለፊቱ ስትቆም ጠላት የመጣበት ይመስለዋል።

ዓርብ ከሰዓት ደወሉ ሲደወል የባለሱቁ ልጅ የሂሳብ ደብተሩን ትመልስለታለች። ከተሳሳተው ጥያቄ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ አሠራሩን ጽፋለት፣ ከሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። እሱ ምንም አይላትም፣ ማዳበሪያውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይከትና ቁልቁል ይወርዳል። እሑድ ሲመለስ ከድርቆሹ ላይ፣ በፌስታል ለብቻው የተቋጠረ የገብስ ቆሎ አለ። ሰኞ ጠዋት ዴስኩ ላይ ያኖረዋል። «ጨው አለው?» ትለዋለች።