ልጅቷ መኪናዋን እስክታቆም

ልጄ፣ በፋሲካ ዕለት አንተና ታላቅ ወንድምህ በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ፍጻሜ ተኳርፋችሁ፣ ዶሮው ከገበታ ሳይነሳ ስትለያዩ ዝም ያልኩት ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። «ሶፕራኖስ»ን እናንተ ዛሬ በስልካችሁ ታዩታላችሁ፤ እኔ እሑድ እሑድ ማታ እየጠበቅሁ ነው የጨረስኩት። በእሱ ሰበብ የተጣላሁትም ከእናንተ በፊት ነው።

በፈረንጆቹ ጁን 10 ቀን 2007 ነበር። ዋሽንግተን ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የምንሠራ አራት ሰዎች አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖራለን፤ ፊልሙን የሚያሳየውን የኤችቢኦ ጣቢያ ሒሳብም ለአራት ነው የምናዋጣው። በ1999 የጀመረው ፊልም 86ኛው ክፍል ላይ ደርሷል። የማፊያው አለቃ ቶኒ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ አይስክሬም ቤት ገብቶ ቤተሰቡን ይጠብቃል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደወሉ ያቃጭላል፣ እሱም ቀና ይላል። ሚስቱ መጣች፤ ወንድ ልጁ መጣ፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ቀረበ። ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤት አለፈ። ሴት ልጁ ሜዶ ግን ውጪ መኪናዋን ማቆም አቅቷት ወደፊት ወደኋላ ትላለች። በስንት መከራ አቁማ ሮጠች። ደወሉ አቃጨለ፤ ቶኒ ቀና አለ። ከዚያ ጨለማ። ድምፅም የለ።

አንዱ ጓደኛችን «ኬብሉ ተነቀለ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። እጁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንዳለ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ጀመረ። በነጋታው ስንሰማ ስንቱ አሜሪካዊ እንደ እኛው ኬብሉን ሲረግም አምሽቷል።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛው፣ የአገሩ ሰው ገንዘቡን በልቶ የካደው፣ «ያ ከመጸዳጃ ቤት የወጣው ሰውዬ ደፍቶታል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብሎ ፈረደ። ሁለተኛው አዲስ አበባ የተዋት ልጁ ቪዛዋ ስንት ዓመት ተንጠልጥሎበታል። እሱ ስለ ሞት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ «ቆይ፣ ልጅቷ ገባች አልገባችም?» እያለ ብቻ አደረ። ኬብል ነካኪው ደግሞ ክፍያችን ይመለስልን ባይ ነው። እኔስ ምን አየህ አትለኝም? መኪናዋን! ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳስገባና ሳስወጣ ውዬ፣ ያን ሁሉ ደም ትቼ «መሪውን መልሺው እንጂ» ስል ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የአራታችን ልብ ደግሞ አራት ቦታ ነበር።

ስምንት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ፊልም ገብተህ አይተኸው ትወጣለህ፤ ይሄኛው ግን ቤትህ ገብቶ ከርሟል። ሲጀመር የነበርከው ሰው ሲያልቅ የለህም፤ አግብተሃል፣ ቀብረሃል፣ አገር ለውጠሃል።

ጥፋቱ ሁሉ የተመልካች ነው ማለቴ አይደለም፤ የእውነት የተበላሸ ፍጻሜ አለ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ውሰድ። የደራሲው መጻሕፍት ገና ሳይጠናቀቁ ፊልሙ ቀድሟቸው ሄደ፤ በ2019 የመጨረሻውን ምዕራፍ በስድስት ክፍል ዘጉት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፣ እነዚህ ግን የሚለቅሙበት ጊዜም አላገኙ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገና ይሠራልን ብሎ ፈርሟል። (ለዚህ ያ ሁሉ ጎልማሳ ሲፈርም ታየኝና ሳቅሁ።) «ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር»ን የሠሩት ደግሞ ታሪኩ የሚተረክላቸው ልጆች እንዳያድጉባቸው ብለው የእነሱን የመጨረሻ ትዕይንት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀርጸው አስቀመጡ። በ2014 ሲያወጡት ታሪኩ ሌላ ቦታ ደርሷል። በልጅነት የተሰፋ ሱሪ ለሠርግ እንደማልበስ ነው፤ ኋላ በዲቪዲ ሌላ ፍጻሜ ጨመሩበት።

የሶፕራኖስ ግን ስንፍና አይደለም፤ ደራሲው ዴቪድ ቼዝ አውቆ ነው የቆረጠው። በራሱ በሶፕራኖስ የመጨረሻ ምዕራፍ ቶኒና የእህቱ ባል ጀልባ ላይ ሆነው፣ ሞት ሲመጣ ምናልባት ድምፁም አይሰማ ይሆናል ተባብለዋል። ወንድምህ የሚሟገተው በዚህ ነው፤ እውነት ለመናገር እኔም ወደ እሱ አደላለሁ። ቼዝ ለዓመታት አፉን ዘግቶ ኖሮ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ «የሞት ትዕይንት» የምትል ቃል አመለጠችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰዉ ግን ክርክሩን አላቆመም፤ ድሮም ዳኛ አጥቶ አልነበረም የሚሟገተው።

አሁን የምነግርህን በክፉ አትይብኝ። አባታችሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያርፍ ዓይኑን የከደነው ወንድምህ ነው። አንተ ያን ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ነበርክ፤ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነው ያገኘኸው። በፋሲካው ዕለት እሱ «ሞቷል፣ አለቀ» ሲል አየሁት። አንተም «በሩ ተከፍቷል እኮ፣ ደርሳለች እኮ!» እያልክ ስትጮህ አየሁህ። ሁለታችሁም ቶኒ ቶኒ ትላላችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ። ለእሱም ደውዬ ነግሬዋለሁ። በራችን ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ስትደርስ ጥሩንባ ንፋ፤ ወጥቼ መሪውን እነግርሃለሁ።