የጆሮዋ ልክ

አንዲት ሴት ነበረች። የልጇ ሠርግ ሲቃረብ የጎረቤቷን የወርቅ ጉትቻ አየችና ዓይኗ እዚያው ቀረ። ያላትን ወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንጥረኛ ቤት ገባች።

«አባቴ፣ ጥንዱ አንድ ወቄት የሚመዝን ጉትቻ ይሥሩልኝ።»

ሽማግሌው ወርቁን አላዩም፤ ሚዛኑንም አላነሱም። «እስቲ ቀረብ በይ ልጄ» አሉና ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮዋን ሥጋ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት። ጫን አሉት፤ ለቀቁት፤ ደግመው ያዙት። ፊቷን ወደ በሩ አዙረው ቀዳዳውን በብርሃን አዩት። ግራውን ሲጨርሱ ቀኙን እንደዚያው። አልቸኮሉም።

«ጥንዱ ሩብ ወቄት» አሉ።

«ኧረ ወርቁ እኮ አላነሰም!»

«ወርቁማ ሞልቷል። ሥጋው ነው ያነሰው።»

ተቆጣች። ገበያውን ተሻግራ ሌላ አንጥረኛ ዘንድ ሄደች። እሱ «ስንት ይሁን?» ብቻ አለ። አንድ አለች፤ አንድ ሠራላት። የሠርጉ ዕለት ያላደነቀ አልነበረም፤ እልልታው ለሙሽራዋ ነው ወይስ ለእናቲቱ ያሉም አልጠፉም።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ቀዳዳው ቁልቁል ረዘመ። ግራው ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«አቅልጠው ያሳንሱልኝ። ያኔ ያሉኝን ሩብ ወቄት ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው አሁንም ሚዛኑን አላነሱም። ጆሮዋን ያዙ፤ ጫን አሉ፤ ለቀቁ።

«ሩቡ ለዚያን ጊዜው ጆሮሽ ነበር። አሁን የሩቡን እኩሌታ መሸከሙንም እንጃ።»

የጆሮው ነገር የጡትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮ የተባሉ ሐኪሞች ጡትን ለማተለቅ የመጀመሪያውን የሲሊኮን ጄል ከረጢት በሴት ጡት ውስጥ አኖሩ። ዛሬ የከረጢቱ ወሬ በሲሲ፣ ማለትም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ ሦስት መቶ ይሁን፣ አራት መቶ ይሁን ይባላል። ጠንቃቃው ሐኪም ግን ከቁጥሩ በፊት የጡቱን መሠረት ስፋት ይለካል፤ ቆዳውን ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ቆንጠጥ አድርጎ ውፍረቱን ያያል። ከልክ ያለፈ ከረጢት ቆዳውን ይለጥጣል፣ ያሳሳል፤ ጠርዙ በእጅ ይዳሰሳል፤ ክብደቱ ቁልቁል ይጎትታል። ያን ለማስተካከል በሚደረገው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የሚያገኘው ሥጋ የፊቱን ያህል አይደለም።

ልኩ ቢገጥምም እንኳ ነገሩ የዕድሜ ልክ አይደለም፤ ይህን የሚለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነው። ሲሊኮኑ ምንም ሳያሳምም ውስጥ ለውስጥ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ይታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ይደገም ይላል። ወጥቶ ቢጣልም ጡቱ ተሰርጉዶ ወይም ተጨማዶ ሊቀር ይችላል። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 አደጋዎቹን የሚዘረዝር ወረቀት ለሴቲቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲቀርብላት አዟል፤ ሐኪሙም ይፈርምበታል። ስለ ሲሲው ማውራት ከፊርማው በኋላ ቢሆን ምን ነበረበት? ብዙውን ጊዜ ግን ቁጥሩ ሴቲቱ ገና ከቤት ሳትወጣ ተቆርጧል።