ስለ መታሰቢያ ዕቃ፤ ለማን እናስቀምጠው?

ከሞቱ ወላጆች የቀረውን ዕቃ በክብር ጠብቆ ማቆየት በጎ ሥራ ነውን? ወይስ ብልና ዝገት የሚያጠፋውን መዝገብ በምድር ላይ ማከማቸት ነው? አንዱ የእናቱን ነጠላ ከሣጥን አውጥቶ ለማንም አይሰጥም፤ ሁለተኛው የአያቱን ዳዊትና መቋሚያ በግድግዳ ሰቅሎ ያኖራል፤ ሦስተኛው ደግሞ የማያውቃቸው ሰዎች የተጻጻፉበትን አሮጌ ፖስት ካርድ በገንዘቡ እየገዛ ይሰበስባል። መንፈሳዊ ነኝ የሚል ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ከንቱ ብሎ ሊያልፋቸው ይቃጣዋል። ነገር ግን ፍርዱ እንዲህ የቸኰለ ሊሆን አይገባውም፤ ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ማስቀመጥ የሚያስተምረው ከዚህ የጠለቀ ነውና።

በኦሪት ዘጸአት በ16ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የመናን ታሪክ እንመልከት። ሙሴ ከመናው ለነገ እንዳያስተርፉ ሕዝቡን አዘዘ፤ አንዳንዶች ግን ትእዛዙን ተላልፈው አሳደሩት፤ ተላ፥ ሸተተም። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከዚያው መና አንድ ጎሞር ሙሉ ለሚመጣው ትውልድ እንዲቀመጥ እግዚአብሔር ማዘዙን እናነባለን። ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን መልእክቱ ከአሮን በትር ጋር የሚያነሣት መሶበ ወርቅ ይህን መና የያዘችው ናት። (ለእመቤታችን ምሳሌ መሆኗ የታወቀ ነው፤ ስለዚያ ግን ዛሬ አንናገርም።) ለሰንበት የተቀመጠውም አለመሽተቱን እናስታውሳለን። መናው አንድ ነው፤ ከአንድ ሰማይ የወረደ ነው። የተላው፥ ነገ ይጐድልብኛል ብሎ ለራሱ ሆድ የሰሰተ ሰው ያሳደረው ነው፤ የቈየው፥ ያላዩት ልጆች አባቶቻቸው በምድረ በዳ ምን እንደ በሉ እንዲያውቁ የተቀመጠው ነው። እንግዲህ ስለ ማናቸውም የመታሰቢያ ዕቃ አስቀድሞ የሚጠየቀው፥ የሚቀመጠው ለማን ነው? የሚል ነው።

ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ምን እንዳሳዩት ልብ እንበል። በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩ አለቀሱ፤ ልብሱ ስለ እጇ ምግባር ይመሰክር ነበር። ሐዋርያውም የሙት ዕቃ ይዛችሁ ስለ ምን ታለቅሳላችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም። በአንጻሩ ሙሴ የሠራው የናስ እባብ ስንት ትውልድ ተጠብቆ ከኖረ በኋላ ሕዝቡ ያጥኑለት ስለ ጀመሩ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። የእናቱን ነጠላ አቅፎ እያደረ ተዝካሯን የማያወጣ ልጅ ከዚህ ሕዝብ ወገን ነው።

አሁን ስለ ፖስት ካርድ ጥቂት እንናገር። ይህ ታናሽ ወረቀት በመጀመሪያ በመንግሥት ፖስታ ቤት የወጣው በኦስትሪያና ሀንጋሪ በመስከረም 1862 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1869) ሲሆን፥ ያን ጊዜ ሥዕል አልነበረበትም። ሥዕል ያለበት ከመጣ በኋላም በአንደኛው ገጽ አድራሻ ብቻ እንዲጻፍ የታዘዘ ስለ ነበረ፥ ላኪው ሰላምታውን በሥዕሉ ጠርዝ በቀረችው ባዶ ስፍራ አጨናንቆ ይጽፍ ነበር። የአድራሻው ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው ለመልእክት የተፈቀደው በእንግሊዝ አገር በ1894 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በ1899 ዓ.ም. ነው። ሰብሳቢዎች የካርዱን ዕድሜ ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ መስመር ነው። አገራችን ከዓለም የፖስታ ኅብረት የገባችው በ1901 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያ ዘመን የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎችና ነጋዴዎች ገበያችንን፥ አብያተ ክርስቲያናታችንን፥ መኳንንቱንና ባላገሩን እያነሡ በካርድ አሳትመው ይሸጡ ነበር። እነዚህን ካርዶች በትዕግሥት ያኖረ ሰው ባለውለታችን ነው፤ ዛሬ መልኩ የተለወጠ ስንት ስፍራ በካርዱ ላይ ብቻ ቀርቷል።

ነገር ግን ከሥዕሉ በታች የታተመውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ያዝናል። የንጉሡና የመስፍኑ ስም ተጽፏል፤ እንስራ ያዘለችው ሴት፥ ዘንቢል የያዘው ተማሪ፥ በትረ መስቀል የጨበጡት አባት ግን ብዙ ጊዜ «የሐበሻ ሴት»፥ «ተማሪ»፥ «ቄስ» ተብለው ቀርተዋል። የሴቲቱ ፊት ባሕር ተሻግሮ በሰው አገር በእንግዳ መቀበያ ቤት ተቀመጠ፤ ስሟ ግን ከመንደሯ አልወጣም። እናቷ በምን ስም እንደ ጠራቻት የጠየቃት የለም። ከስሙ የተለየ ፊት መታሰቢያ ሊባል አይችልም፤ የገበያ ዕቃ ነው።

አንዱ ቤተሰብ እንደ ቅርስ የሚያኖረው ለሌላው የተነጠቀ ሥጋው የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ከራሳቸው የተቈረጠው ጸጉር ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በሞቱበት አልጋ ሥዕላቸውን የሣለው ሰው ዘመዶችም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 በለንደን ለሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ሰጡት። ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ዘመዶቹ በክፋት አኖሩት ለማለት አንደፍርም፤ ሰው የአያቱን ሣጥን እንደሚጠብቅ ጠብቀውት ይሆናል። ሆኖም ያንን ሁሉ ዘመን የተቀመጠው ለማይገባቸው ነበር። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦትም በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገብቷል። ያገኙት ካህን ምንነቱን ባወቁ ጊዜ ለባለቤቱ መመለሱን መረጡ።

በእኛም ዘንድ ንጹሕ ነን የሚያሰኝ የለም። የብራና መጽሐፍ ተገንጥሎ፥ ሥዕል ያለበት ቅጠል ለብቻው ለጐብኚ ሲሸጥ ታይቷል። የጥንት መጻሕፍትን የመረመረ ሁሉ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ በላዩ የኋለኛው ባለቤት ስም የገባበት መጽሐፍ ነው። ያስጻፈው ሰው ስሙን ያኖረው ጸሎቱን የሚያነብ ሁሉ እንዲያስበው ነበር፤ የፋቀው ሰው ብራናውን ሳይነካ ያንን ጸሎት ወሰደበት። አባቶች በመጽሐፉ መጨረሻ ከሰረቀው ጋር የፋቀውንም የሚያወግዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ፎቶግራፍ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ ያለበት ቤት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። አያቲቱ በሕይወት ሳሉ ሁሉን ለይተው ይናገራሉ፤ ይህ ወንድሜ ነው፥ ይህች በሕፃንነቷ የሞተችው እኅቴ ናት ይላሉ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግን የልጅ ልጅ የማያውቃቸውን ፊቶች ይወርሳል። ዛሬ በስልክ የምናነሣው እልፍ ሥዕልም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ስለዚህ በፎቶግራፉ ጀርባ ሳይጫኑ በለስላሳ እርሳስ ስሙን፥ ስፍራውንና ዘመኑን መጻፍ ይገባል፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊተኛው ገጽ ሊያልፍ ይችላልና። ሙጫ አያስፈልገውም፤ ከፀሐይና ከርጥበት ይራቅ።

ስሙ ሲጻፍ የክርስትና ስሙ አይቅር። ካህኑ ለፍትሐትም ሆነ ለተዝካር የሚጠይቀው በዚያ ስም ነው፤ የአባቱን ሰዓት፥ ቀለበትና ወንበር ተካፍለው የክርስትና ስሙን ሲጠየቁ እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ልጆችን ያላየ ካህን ያለ አይመስለንም። ወንድማማች ስለ አንድ ቀለበት በዳኛ ፊት ሲቆሙም አይተናል፤ ስለ ስሙ ግን የተከራከረ አልሰማንም።

የማያውቃቸውን ሰዎች ካርድ የገዛ ሰብሳቢስ? ወረቀቱ በገንዘቡ የተገዛ ነው፤ በጀርባው ያለው የልጅ ናፍቆት፥ የባልና የሚስት ምሥጢር ግን በገበያ አልተሸጠለትም። ስለዚህ ለእንግዳ መሣቂያ አያነብበውም፤ ከማን እንደ ገዛው፥ የት እንደ ተገኘ ጽፎ እንደ አደራ ያኖረዋል። ከዕለታት አንድ ቀን የጻፈው ሰው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቢመጣ፥ የከፈለውን ያህል ተቀብሎ ቢሰጠው አንነቅፈውም። ከዚያ በላይ መጠየቅ ግን የአባቱን እጅ ጽሑፍ አይቶ እንባው የመጣውን ሰው በእንባው መጠን ማስከፈል ነው። ለስብስቡ ቅጂውን ቢያስቀር የሚከለክለው የለም።