ላብ ሳይደርቅ

በስቶክሆልም፣ በሪንከቢ አደባባይ ዙሪያ ባሉት ሱቆች፣ እናቶቻችን ይዋቡባቸው ከነበሩት ዕፅዋት ብዙዎቹ ይገኛሉ። ሂናው በካርቶን፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱ በጠርሙስ፣ ከርቤውና ነጭ ዕጣኑ በፌስታል ታስሮ ይሸጣል። ወደ መሐል ከተማ ወርዶ በሶደርማልም መንገዶች የሚያልፍ ሰው ደግሞ ያንኑ ዕጣን ዘይቱ ተነጥሮና ከቅባት ጋር ተዋሕዶ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያገኘዋል። በዚህ ዓመት ከእነዚህ ብልቃጦች አንዱን ለባለቤቴ ገዛሁላት። ጎኑ ላይ «ሐላል» የሚል ማኅተም ነበረበት። ማኅተሙ አልኮልና የአሳማ ስብ እንደሌለበት ይመሰክራል፤ ዕጣኑን የለቀመችው ሴት ደመወዟን ማግኘቷን ግን አይናገርም። ይህን ልብ ያልኩት ከሌላው ገዢ ይልቅ አስተዋይ ሆኜ አይደለም። የአንዲት ዕጣን ለቃሚ ደመወዝ ይዤ ከአገር የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ ዘመዴ መጋዘን ሒሳብ እጽፍ ነበር። ዕጣኑ ከመተማና ከቋራ ቆላ ይመጣል። ዝናሙ ካባራ በኋላ ሠራተኞች የዛፉን ቅርፊት በስለት ይፍቁታል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይሰበስቡታል፤ በየጥቂት ሳምንቱም እየተመለሱ ቁስሉን ያድሱታል። መጋዘን ሲደርስ ደግሞ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ቅርፊቱንና አፈሩን ይለያሉ፤ ትልልቁንና ነጩን ለከፍተኛው ደረጃ፣ ደቃቁንና የጠቆረውን ለዝቅተኛው ይመድባሉ። አቧራው ጉሮሯቸው ውስጥ ይገባል፣ ሙጫው ጣታቸው ላይ ይጣበቃል። ከእነርሱ አንዷ 17 ቀን ከሠራች በኋላ ልጇ ታሞባት ወደ ገጠር ሄደች። በቀን 2 ብር ስለነበር የ34 ብር ሒሳቧን ፖስታ ውስጥ አድርጌ ስሟን ጻፍኩበት። ወሩ አልፎ ሌላ ወር ተተካ፤ ሴትዮዋ አልተመለሰችም። ስትመጣ እሰጣታለሁ ብዬ ፖስታውን ከመሳቢያው ወደ ኪሴ ያዛወርኩት እኔው ራሴ ነኝ። በዚያው ዓመት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስወጣ ለመንገድ ከያዝኩት ገንዘብ ውስጥ ያ 34 ብር ነበረበት።

እስልምና ስለ ደመወዝ ሲናገር አስቀድሞ የሚያነሣው ጊዜን ነው። ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው አዘዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ደመወዙን የከለከለ አሠሪ በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ከሚከራከራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ክርስቲያን አንባቢዬም ይህንኑ ትእዛዝ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እና በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ያውቀዋል። እንዲህ ማስቸኮል ለምን አስፈለገ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሠራተኛ ጉልበቱን ቀድሞ ስለሚሰጥ በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ የአሠሪው አበዳሪ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ድሃ ለሀብታም ያበደረው ብድር ደግሞ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ሲያድር የልጅ እራት ያስቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ መጠኑ ነው። ሴትዮዋ በ2 ብር ተስማምታ ነበር። ሸሪዓም የቅጥር ውል በሁለቱ ወገን ፈቃድ እንዲጸናና ደመወዙም አስቀድሞ እንዲታወቅ ያዛል። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ «ኡጅረቱል ሚስል» የሚሉት ሌላ ሚዛን አለ፤ ይኸውም ለመሰል ሥራ የሚገባ መሰል ዋጋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1328 ያረፉት ኢብን ተይሚያ ሕዝብ የገበሬውን፣ የሸማኔውንና የግንበኛውን ሥራ አጥብቆ በፈለገ ጊዜ፣ ማንም ማንንም እንዳይበድል ሹሙ በዚህ ሚዛን ዋጋ ሊወስን እንደሚችል ጽፈዋል። እንግዲህ ፈቃድ ብቻውን ፍትሕን አያረጋግጥም። ያቺ ሴት «እሺ» ስትል ከመጋዘኑ በር ውጭ ሌሎች አሥር ሴቶች ቆመው ነበር። እሷም፣ እኔም፣ ዘመዴም ይህን እናውቅ ነበር።

ስዊድን ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ሕግ የላትም ብል የሚገረም አንባቢ ይኖራል። እዚህም ደመወዝ የሚቆመው በስምምነት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ከስቶክሆልም ወጣ ብላ በምትገኘው ሳልትሾባደን በሠራተኛ ማኅበራትና በአሠሪዎች መካከል የተፈረመው ውል የዚህ ሥርዓት ምሰሶ ሆኖ ይጠቀሳል። ልዩነቱ፣ እዚህ «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚለው ሠራተኛ ብቻውን የቆመ አለመሆኑ ነው። እኔ በዚህች ከተማ ቢሮ በማጸዳበት ዘመን ደመወዜ በየወሩ በ25ኛው ቀን ሳይዛነፍ ይገባልኝ ነበር። በየ25ኛው ቀንም ያ ፖስታ ትዝ ይለኝ ነበር።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ሦስት መንገደኞች ዋሻ ውስጥ ሳሉ ቋጥኝ ተንከባሎ በሩን ይዘጋባቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም ለአላህ ብለው የሠሩትን በጎ ሥራ እያነሡ ይለምናሉ። ሦስተኛው የተናገረው ስለ አንድ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ደመወዙ የነበረውን እህል ሳይወስድ ሄደ፤ ሰውየው ያንን እህል ዘርቶ አራባው፤ ከእርሱም ከብትና እረኛ ወጣ። ከዘመን በኋላ ሠራተኛው ደመወዙን ፈልጎ ሲመጣ፣ ይህ ሁሉ የአንተ ነው አለው። ሠራተኛው የሚያፌዝበት መሰለው። ነገሩ እውነት መሆኑን ሲረዳ ግን አንዲት እንኳ ሳያስቀር ነድቶ ሄደ፤ ቋጥኙም ተከፈተ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ሰውየው በሕግ የሚገደደው የመጀመሪያውን እህል ሊመልስ ብቻ ነበር፤ የቀረው «ኢሕሳን»፣ ከግዴታ ያለፈ በጎነት ነው። ቁርኣን ግን በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 90 ፍትሕንና ኢሕሳንን ያዘዘው በአንድ ቃል አጣምሮ ነው።

የእኔ ከብቶች እዚህ ናቸው። ቤቴ፣ የልጆቼ ትምህርት፣ ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ሳይቀር ከዚያ መንገድ የተገኙ ናቸው። ዕዳዬ ስንት ነው? በ1987 ዓ.ም. አንድ ዶላር በስድስት ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ዛሬ 34 ብር ብመልስ ቁጥሩን ሰጥቼ ዋጋውን አስቀራለሁ። በዚህ ረገድ ሊቃውንቱ አንድ ድምፅ የላቸውም። የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር አቡ ዩሱፍ ተራው የመዳብ ገንዘብ ዋጋው ሲለወጥ ዕዳው በዋጋው እንዲታሰብ ሲሉ፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ዕዳ በቁጥሩ ይመለሳል ብሎ ወስኗል፤ የወለድን በር ላለመክፈት ነው። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። ባለዕዳ ሆኖ ሳለ ለራሱ የሚቀለውን ፈትዋ የሚመርጥ ሰው ግን ተከሳሽም ዳኛም ሆኖ ተቀምጧል።

ሴትዮዋን ጎንደር ባሉ ዘመዶቼ በኩል አስፈለግኋት፤ አልተገኘችም፤ የልጇንም አድራሻ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ሼኽ ብጠይቅ፣ ባለመብቷም ወራሾቿም ካልተገኙ በስሟ ምጽዋት እንዳደርግ፣ አንድ ቀን ብትገኝ ግን መብቷ እንደማይጠፋ ነገሩኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። የ17 ቀን ደመወዝ ላክሁ፤ የሰጠሁት ግን በዚያን ጊዜ ሒሳብ ሳይሆን እኔ ዛሬ በስቶክሆልም በማገኘው ነው። ለዕጣን ለቃሚ ሴቶች እንዲደርስ ስልክ ስጽፍ «ርዳታ» ብላችሁ እንዳትሰጡ፣ «ዕዳ» በሏቸው ብዬ አደራ አልኩ። ዋሻው ተከፈተልኝ አልልም። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ከብቱን በገዛ እጁ ነድቶ ሄዷል፤ የእኔዋ ግን አልመጣችም።

ብልቃጡ አሁንም ባለቤቴ መስታወት ፊት ቆሟል። እንዳትጠቀምበት አልከለከልኳትም፤ ዕጣን መግዛት ብንተው ለቃሚዋ ያቺንም ታጣለች። ነገር ግን ሐላል የሚለውን ቃል ከዕቃው ወደ ደመወዙ ልናሻግረው ይገባል፤ ሻጩንም «ምን አለበት?» ብለን እንደምንጠይቀው «ለለቀመችው ስንት ተከፈለ?» ብለን እንጠይቀው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አበው። ያልተከፈለበት የሰው ላብም፣ ሽቶ ሆኖ ቢመጣ እንኳ፣ አያደምቅም።